ለአንድ አዳር የተቆፈረ ቦይ

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁን ሰዓት አየሽ ወይ? አላየሁም። ምናልባት ከባስ ላይ ሆኜ ጫፉ ታይቶኝ ይሆናል፤ ግን አልምልም። እኔ ያየሁት ቦይ ነው። ሰዎች አንድ ቀን ለማደር ብለው የሚቆፍሩት፣ በማግስቱ መልሰው የሚደፍኑት ቦይ። አሁንም ሳስበው እጄን በአፌ ያስጭነኛል።

ለማታውቁኝ፦ እኔ ፈታሽ ነኝ። አዳማ ውስጥ አንድ ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ቦርሳ እከፍታለሁ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ "ሌላ እስካገኝ" ብዬ ገባሁ፤ ሌላው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። አንድ ቦታ መቆም አልወድም፤ ያገኘሁት ሥራ ደግሞ መቆም ነው። ይህን የምጽፈው በሩ ላይ አብረውኝ ለሚውሉት ልጆችና እንደነሱ ለንደንን በስልክ ብቻ ለሚያውቁ ነው።

የጋበዙኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተፈራ ናቸው። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ ለንደን ደርሰው፣ እዚያው ቀሩ። እኔ ከድምፃቸው በቀር አላውቃቸውም ነበር።

ረቡዕ

ማክሰኞ ከቦሌ ተነስቼ ረቡዕ ጠዋት ደረስኩ። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ እግሬን ስለማወዛውዝ መንገዱን ሙሉ በዓይኗ ስትገርፈኝ መጣች። መቀመጥም ለካ እንደ መቆም ነው።

መቀበያው ላይ ሰው ሁሉ ይተረማመሳል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከምሰሶው አጠገብ እንደ ምሰሶው ቆመዋል። እግር አይቀያይሩ፣ ስልክ አይነካኩ። እኛ በር ላይ እንዲህ የሚቆም ሰው ቢኖር አለቃችን ፎቶውን በፍሬም ይሰቅለው ነበር።

"ፍሬ ነሽ? ቁርጥ እናትሽን!" አሉና አገላብጠው ሳሙኝ።

"ጋሼ፣ ብዙ ቆሙ?"

"መቆም እኮ እንጀራዬ ነው።"

ለካ እሳቸውም የበር ሰው ናቸው። ኤድመንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን በር ላይ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ቼክ ያደርጋሉ። እናቴ "ወንድሜ ለንደን ትልቅ ቦታ ይሠራል" ስትል ነው ያደግኩት። አልዋሸችም፤ መጋዘኑ በጣም ትልቅ ነው።

ባቡሩ ከመሬት በታች ይሄዳል። መግቢያው ላይ "ካርዱን ታፕ አድርጊ" አሉኝ፤ ማሽኑን በካርዱ ነካ አደረግኩና ቆሜ ሳይ በሩ ከነሻንጣዬ መሃል ላይ ያዘኝ። የሚጠብቀው ሰው የለም፤ በሩ ራሱ ነው የሚፈትሸው። እዚህ አገር እኔ ሥራ አላገኝም አልኩ በሆዴ።

ቤታቸው ሆሎዌይ ነው፤ የካውንስል ቤት፣ የኛ የቀበሌ ቤት እንደማለት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ደረጃው ላይ ጠብቀው አንቀው ሳሙኝ፤ ሳልቀመጥ አጎረሱኝ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን ፍለጋ ኮሪደሩን ሳልፍ አንድ ሰው አንሶላ ተከናንቦ ጥግ ላይ ቆሟል። ጮህኩ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። አንሶላው ተንሸራቶ ሲወርድ ከሥሩ የብረት ጥሩር፣ የራስ ቁርና ቀይ ጋሻ ወጣ። ሰው የለበትም።

"እሱን ነው የፈራሽው?" አሉ እትዬ፣ ሳይስቁ። "ሰኞ ይወጣልሻል።"

ነገሩን ማዕድ ላይ ሰማሁ። ጋሼ ተፈራ በጋ ሲመጣ የጥንት ሮማውያን ወታደሮች እንዴት ይሰፍሩ፣ እንዴት ዘብ ይቆሙ እንደነበር ሜዳ ላይ ሰፍረው ከሚያሳዩ ሰዎች ጋር ይቀላቀላሉ። የእሳቸው ድርሻ ዘብ መቆም ነው። ይህን ለዓመታት በጸጥታ ሲያደርጉ ኖረው፣ ዘንድሮ አንድ ሰው ፎቶአቸውን የቤተክርስቲያናቸው የስልክ ቡድን ውስጥ ለቀቀው። እትዬ ደግሞ እዚያ የሴቶች ጸሎት መሪ ናቸው። "ወንድም ተፈራ ጌታን ከሰቀሉት ጋር ተደባለቁ" ተብሎ ተሳቀ። ለእትዬ ሳቅ አይደለም።

"ብዙዬ፣ አንዴ መጥተሽ እዪው ብያለሁ" አሉ ጋሼ። "አይተሽ ተው ካልሽኝ ያኔ እተዋለሁ።"

"ሳላይም ተው ብያለሁ። የሰው ባል ቅዳሜ ኳስ ያያል። የኔ የሰቃዮቹን ልብስ ለብሶ ጉድጓድ ይቆፍራል!"

"እሺ አልኩሽ እኮ። ሰኞ የሚገዛው ሰውዬ መጥቶ ይወስደዋል። የዚህ ሳምንቱ የመጨረሻዬ ነው።"

"የመጨረሻዬ" ሲሉ ዓይናቸው ሳህኑ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "እትዬ፣ አንዴ ቢያዩት ምን ይጎድልብዎታል?" አልኩ። ጭልፋውን አስቀመጡና "አንቺ ብይ" አሉኝ። በላሁ።

ሐሙስ

ጋሼ ሥራ ሲገቡ እትዬ "ዛሬ ሺፍት የለኝም" ብለው ብሪክስተን ገበያ ወሰዱኝ። ለንደን ጸጥ ያለ አገር ነው ያላችሁ ካለ ብሪክስተንን አላየም። ዓሣ ሻጩ ይጮሃል፣ ጨርቅ ሻጯ ትጮሃለች፣ ሙዚቃው ከሁለቱም በላይ ይጮሃል። አዳማ ገበያ የገባሁ ያህል ነፍሴ መለስ አለች። ልዩነቱ፣ ክንድሽን ይዞ የሚጎትትሽ የለም።

አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በማዳበሪያ ሙሉ ደረቅ እህል አየሁ። "ሽምብራ!" ብዬ ጮህኩ፤ ዘመድ ያገኘሁ ይመስል።

እትዬ ሳቁ። ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉና፣ ያልጠየቅኳቸውን ያወሩልኝ ጀመር።

ነገሩ የሆነው ሱዳን፣ የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ነው። አጥር የለውም፤ ድንኳን ብቻ። ሲመሻሽ ሴቶቹ ባሉበት በኩል የማይታወቁ ወንዶች ይመጡ ጀመር። የእኛ ጎረምሶች ተሰበሰቡና በየተራ ዱላ ይዘው ዘብ ይቆሙ ጀመር፤ የይለፍ ቃል አወጡ፣ በየማታው የሚለወጥ። አንድ ቀን ቃሉ "ሽምብራ" ሆነ።

"ቃሉን ያወጣው ልጅ ርቦት ነበር መሰለኝ" አሉ እትዬ። "እኔ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቃሉ ድንገት ጠፋኝ። ዘቡ ተፈራ ነው። ክስት ያለ፣ ጆሮው ብቻ የቀረ። 'ታውቀኛለህ አይደል?' አልኩት። 'አውቅሻለሁ።' 'ታዲያ?' 'ቃሉን።' ጄሪካኑ ጀርባዬን ይሰብረኛል፤ እስከ ሰባት ዘሩ ሰደብኩት። ንቅንቅ አላለም። በኋላ አንዷ ስታልፍ በጆሮዬ ነገረችኝና ገባሁ። ይህን ድንጋይ የምታገባ ምስኪን ማን ትሆን ብዬ ነበር።"

"እና?"

"እና ይኸው" አሉና ዘንቢላቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ። ሽምብራውን አልገዙም።

ዓርብ

ዓርብ ጋሼ ሥራ አልነበራቸውም። "የከተማዋን ድሮ ላሳይሽ" አሉኝ። ቤተ መንግሥት መስሎኝ ጫማዬን ወለወልኩ። የወሰዱኝ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት።

"ጋሼ፣ መኪና እኮ አዳማም አለ።"

"ዝም ብለሽ ተከተይኝ።"

በቆሙት መኪናዎች መሃል ብዙ ተጓዝን። መጨረሻው ላይ አንድ ነጭ ቫንና አንድ ሰማያዊ መኪና ቆመዋል፤ በሁለቱ መካከል ግንብ አለ። ሮማውያን የገነቡት። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ድንጋይ፣ እንደ ማንኛውም መኪና ቦታውን ይዞ ቆሟል። ቀረብኩ። መቼም አፌ ስራ አይፈታም፤ እዚያ ግን ዘጋሁት።

"እዚህ ቅርብ ምሽጋቸው ነበር" አሉ ጋሼ። "የምዕራቡ በር ከነጥበቃ ክፍሉ መሠረቱ አሁንም ከመንገዱ ሥር አለ፤ አንዴ አስገብተውን አይቻለሁ። ከኔ የኤድመንተኗ ዘበኛ ቤት እምብዛም አይሰፋም። ዘቦቹ እንደኔና እንዳንቺ ቆመው የሚገባውን ያያሉ።"

ከዚያ ውጭ ወጥተን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። ይህ የድንጋዩ ምሽግ ለኑሮ ነው፤ የሚደንቀው ለዘመቻ ሲወጡ የሚያደርጉት ነው። ጠላት አገር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው፣ ደክመው፣ የሚያድሩበት ሲደርሱ አይቀመጡም። ይቆፍራሉ። ዙሪያውን ቦይ ያወጣሉ፤ አፈሩን ወደ ውስጥ ከምረው እንደ ግንብ ያቆሙታል፤ እያንዳንዱ ወታደር ተሸክሞ የመጣውን ችካል በላዩ ይተክላል። ግማሹ ሲቆፍር ግማሹ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይጠብቃል። ውስጡ ሁልጊዜ ያው ነው፦ በሮቹ፣ መንገዶቹ፣ የእያንዳንዱ ድንኳን ቦታ። ሰውየው የትም አገር ቢያድር ድንኳኑን በጨለማ አይስትም። ጠዋት ሲነሱ ደግሞ አፍርሰውት ይሄዳሉ፤ ማታ ሌላ ቦታ እንደገና።

"ለአንድ አዳር?" አልኩ።

"ለአንድ አዳር።"

እኔ ለአንድ ቀን እንግዳ አልጋ ማንጠፍ የሚከብደኝ ሰው ነኝ። አሰብኩት። ስንት ሺህ ሰው፣ ስንት ማታ፣ ስንት አገር።

"ተረኛ ዘብ ተኝቶ ከተገኘስ?"

"ሌሊቱ አራት ቦታ ይከፈላል። በየክፍሉ ዘቦቹን የሚቃኝ ሰው እየመጣ ከዘቡ ትንሽ ምልክት ይቀበላል። ምልክቱን ያልሰጠ ዘብ ጠዋት ይጠየቃል። ተኝቶ ከሆነ ጓደኞቹ ራሳቸው በዱላና በድንጋይ ይደበድቡታል። የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እና አስቢው፤ የጌታን መቃብር የጠበቁት ወታደሮች 'ተኝተን ሳለ ሰረቁት' በሉ ተባሉ። ለዘብ 'ተኝቼ ነበር' ማለት ምን እንደሆነ ያኔ የሰማው ሁሉ ያውቃል። ለብር ብለው በገዛ አፋቸው ሞታቸውን ነው የተናገሩት።"

ስንት ፋሲካ ይህን ሰምቼ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።

"እትዬ ይህን ያውቃሉ?"

"ልነግራት ስጀምር መዝሙር ትከፍታለች።"

ቅዳሜ

እትዬ እስከ በር አልሸኙንም። ከኩሽና ሆነው "ሹራብ ያዢ" አሉኝ፤ በቃ።

በባቡር ኤድመንተንን አልፈን ከተማው እስኪያልቅ ሄድን። ጋሼ ጥሩራቸውን በባለ ጎማ ሻንጣ ይጎትታሉ፤ ጋሻው በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ እኔ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ተሳፋሪ እንኳ ቀና ብሎ አላየንም። እኛ አገር ቢሆን ሞጆ ሳንደርስ ግማሹ ጋሻውን ይዞ ፎቶ ተነስቶ፣ አንዱ ደግሞ መሸጫውን ጠይቆ ነበር።

ቦታው የአንድ ገበሬ ሜዳ ነው። አለቃቸው ጄፍ ይባላል፤ በሥራ ቀን ቧንቧ ጠጋኝ፣ ሜዳው ላይ የመቶ አለቃ። ጋሼን "ቴፍ" እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ጤፍ ምን እንደሆነ ቢያውቅ! እንግሊዝኛውን ግማሹን እኔ ሰማሁ፣ ግማሹን ጋሼ ሞሉልኝ። በሮም ዘመን ሴት ዘብ አልነበረችም አለ፤ ግን አካፋ የያዘ ሰው ካገኘ ዘመኑን ይረሳዋል።

ቆፈርኩ። ግማሻችን ስንቆፍር ግማሹ ጋሻ ይዞ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። ከውጭ ያሉት ላሞች ናቸው። ቢሆንም ቆመዋል፤ አንዱም ዞር ብሎ አላየንም። መዳፌ ሲላጥ ጄፍ ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝና በባዶ እጁ ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ አራቱ ጎኖች ተገናኙ። ችካሉ ተተከለ። የተከመረው አፈር ላይ ወጥቼ አየሁ። ሜዳው ጠዋት የነበረው ሜዳ ነው፤ ግን "ውስጥ" እና "ውጭ" የሚባል ነገር ተፈጠረበት። ሰው በእጁ እንዲህ ያለ ነገር መፍጠር እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጋሼ በሩ ላይ አቆሙኝ። ሰፈሩ ላይ ያሉት ስምንት ስምንት ሆነው በየድንኳኑ ተከፍለዋል፤ የዚያን ቀን በሩ የጋሼ ድንኳን ኃላፊነት ነው።

"ቃሉን ያልተናገረ አይገባም። ጄፍም ቢሆን። እኔም ብሆን።"

"እሺ።"

"ብታውቂውም።"

"ጋሼ፣ ሥራዬ እኮ ነው!"

ሥራዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ጢም ያላቸው፣ የጎበጡ ሽማግሌ ማገዶ ተሸክመው እያቃሰቱ መጡ። እኔ ምን አደረግኩ? ያሳደገው ሰው ያለው ሁሉ የሚያደርገውን። ጦሬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ሮጥኩ። "አባቴ፣ እኔ ልያዝልዎት" ብዬ ማገዶውን ተቀበልኩ፤ በአማርኛ። ክንዳቸውን ደግፌ አስገባሁ፤ ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኩ። አመስግነው ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብለው ተነሱ፣ ከሸሚዛቸው ሥር ቀይ ጨርቅ መዘዙ፣ መሃል ያለው የአለቃው ድንኳን ላይ አሰሩት። መለከት ተነፋ። ሰፈሩ ተያዘ።

አርተር የሚባሉ ናቸው፤ ሥራቸው ጠላት መሆን ነው። ጄፍ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ሳቀ። አርተር መጥተው እጄን ጨበጡኝና፣ በየዓመቱ ይህን ማገዶ ሲሸከሙ የተቀበላቸው ሰው እኔ የመጀመሪያዋ እንደሆንኩ ነገሩኝ። እኔ ግን ያሰብኩት የአዳማውን በር ነው። ከዘራ የያዘ ሁሉ "ይለፉ አባቴ"፣ ነጠላ ያጣፋች ሁሉ "ይለፉ እማማ"! ሕንፃው እስካሁን መቆሙ ገረመኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የእማማንም ዘንቢል እከፍታለሁ፤ እየረገሙኝ ነው።

ጥፋት ቅጣት አለው። በሩን ያስደፈረ ድንኳን ስንዴ ዳቦ ተከልክሎ ገብስ ይበላል፤ ድንኳኑንም ነቅሎ ከቦዩ ውጭ ይተክላል። እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። የተቀቀለውን ገብስ ሲያመጡልን ሁሉም በሐዘን ያዩኛል። ገብስ ቅጣት ነው? በሶ፣ ቆሎ፣ ገንፎ እያልኩ ለእንግሊዞቹ እስኪደክማቸው አስረዳሁ። ሁለት ሳህን በላሁ። አንዱ የራሱንም ሰጠኝ።

ጋሼ ግን አልበሉም። ድንኳናችንን ከቦዩ ማዶ ተክለው ሲጨርሱ ተቀምጠው ችካሎቹን ከውጭ በኩል ያያሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ አልገባችም፤ ያ አገር በበጋ መምሸት አያውቅም።

"ጋሼ፣ ይቆጡኝ እንጂ።"

"ምን ብዬ? ሽማግሌ ነው የረዳሽው።" ጉልበታቸውን አሹ። "ሱዳን ቦይ አልነበረንም። ዱላ ብቻ። አንዳንድ ማታ ዱላው አይበቃም ነበር። እዚህ መጥቼ የነዚህን ሰዎች ነገር ስሰማ፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ተጉዞ፣ ለሚተኛው ጓደኛው ብሎ መሬት ይቆፍራል ሲሉኝ... ጨካኞች ነበሩ፤ የሰው አገር ነው የወሰዱት። ጌታንም ሰቅለዋል፤ ብዙዬ እውነቷን ነው። ቦዩ ግን..." ቃል ፈለጉ። "ቦዩ ግን ልክ ነው።" ከዚያ ለመሳቅ ሞከሩ። "እንግዲህ የመጨረሻዋን ከውጭ አድሬ ላያት ነው።"

ተነስቼ ከላሞቹ ዘንድ ሄጄ እትዬ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ በኔ ጥፋት ጋሼ ከቦዩ ውጭ ሊያድሩ ነው።"

"ከምኑ?"

አስረዳሁ።

"ሹራብ ለብሷል?"

"ለብሰዋል።"

"ጉልበቱስ?"

"እያሹት ነው።"

"በይ ደህና እደሪ" አሉና ዘጉት።

ሌሊቱን አልጽፈውም፤ ተኝቻለሁ።

እሑድ

በየቀኑ ቃሉን የሚያወጣው ተራ የደረሰው ሰው ነው፤ እሑድ የጋሼ ተራ ነበር። ቃሉ በትንሽ ጣውላ ላይ ይጻፍና ከድንኳን ወደ ድንኳን ይዞራል፤ ተመልሶ ካልመጣ የት እንደቆመ ይታወቃል። ጋሼ በከሰል "ሽምብራ" ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ በእንግሊዝ ፊደል። እኔ አየሁና የብሪክስተኑን ወሬ ዋጥኩት። ጣውላው በዞረበት ሁሉ "ሺምባር"፣ "ሹምብሬ" ሲባል ይሰማል። ጄፍ ምን ማለት ነው ሲላቸው "ጥራጥሬ ነው" አሉት።

በሩን እንደገና ስጡኝ አልኩ። ጄፍ ጋሼን አየ። ጋሼ "ትቁም" አሉ። እሳቸው ከበሩ በላይ የአፈሩ ክምር ላይ ወጡ፤ የመጨረሻው ዘብ ናቸው። መለከት እስኪነፋ ከቦታቸው አይነቃነቁም፣ አይናገሩም። ከመለከቱ በኋላ ቦዩ ይደፈናል፤ ሁሉም ያበቃል።

ቆምኩ። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ የማልረጋው እኔ፣ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ቆምኩ። ከኋላዬ የሚበሉ፣ የሚስቁ፣ ሣር ላይ ጋደም ያሉ ሰዎች አሉ። እኔ ስላለሁ ነው የተጋደሙት። ይህን እስከዚያ ቀን በር ላይ ቆሜ አስቤው አላውቅም። አርተር እያነከሱ መጡ፤ መለስኳቸው፣ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ጄፍ መጣ፤ "ሻምብራ" አለ። "እንደገና" አልኩት። ፊቱ ቀላ፤ አስተካክሎ እስኪል አላሳለፍኩትም።

ከዚያ ከመንገዱ በኩል አንዲት ሴት መጣች። የቤተክርስቲያን ልብሷን ለብሳለች፤ ተረከዝ ጫማዋ ሣሩ ውስጥ እየሰጠመ አንዱን አውልቃ ይዛለች፤ የገበያ ጋሪ ትጎትታለች። ስትቀርብ እትዬ ሆኑ።

"ፍሬ፣ ነይ ይህን ያዢልኝ።"

እጄ በራሱ ሄደ። መልሼ ጦሩ ላይ አደረግኩት።

"የይለፍ ቃል፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

"ቃሉን ይንገሩኝና ይግቡ።"

"እኔን ነው? ቤቴ ያለሽ ልጅ እኔን ደጅ ታቆሚኛለሽ? ዳቦ ተሸክሜ መጥቼ?"

እናቴ ብታየኝ መሬት ትዋጠኝ ትል ነበር። "አዎ፣ እትዬ።"

"ታውቂኛለሽ አይደል?"

"አውቅዎታለሁ።"

"ታዲያ?"

"ቃሉን።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔም ሰማሁት። እትዬም ሰሙት። ሊሰድቡኝ የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ቀና ብለው ላይ አዩ። ጋሼ ተፈራ የራስ ቁራቸውን ደፍተው፣ ጦራቸውን ይዘው፣ አፈሩ ላይ ቆመዋል። ያዩአቸዋል፤ መናገር አይችሉም። ላብ በጉንጫቸው ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

እትዬ ጋሪያቸውን ትተው ወደ ቦዩ ተጠጉ። ወደ ታች አዩ፤ ዳር ዳሩን ትንሽ ሄደው ደግመው አዩ። ከማዶ ብቻዋን የቆመችውን የእኛን ድንኳን አዩ።

"ይህን ሁሉ ትናንት ነው የቆፈራችሁት?"

"ትናንት ነው።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ እንደፍነዋለን።"

"ለአንድ አዳር?"

"ለአንድ አዳር፣ እትዬ።"

ጫማቸውን አጠለቁ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

"ሽምብራ" አሉ።

ዞር አልኩላቸው። ከጋሼ ሥር ሲያልፉ ቀና ሳይሉ "ውረድና ብላ፣ ገብስ ተፈርዶብህ አድረህ" አሉ። ጋሼ ዝም። እኔ "ተራቸው አላለቀም" አልኩ። እትዬ ጋሪያቸውን ጎትተው ከክምሩ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አድርገው መለከቱ እስኪነፋ ጠበቁ። ለእኔ ግን ወዲያው አጎረሱኝ፤ ዘብ ላይ እያለሁ። ይህን ለጄፍ አትንገሩብኝ።

ከመለከቱ በኋላ ሁላችንም ቦዩን ደፈንን። እትዬ አካፋ አልያዙም፤ ግን "እዚያ ጋ ይቀራል" እያሉ ያሠሩ ነበር። ሲያልቅ ሜዳው ሜዳ ሆነ። ላሞቹ ገቡ።

ሰኞ

ሰውየው ጥሩሩን ሊወስድ በቀጠሮው መጣ። የከፈቱት እትዬ ናቸው። በእንግሊዝኛ የሚሸጥ ነገር እንደሌለ ነገሩት። ከሩቅ ነው የመጣሁት አለ። አዘኑለትና ሻይ አጠጥተው፣ የተረፈውን ዳቦ ጠቅልለው ሰጥተው ሸኙት። ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ጥሩሩ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ አንሶላው ተቀይሯል፣ ታጥቦ የተተኮሰ።

በቀጣዩ እሑድ አንድ ሰው ከቤተክርስቲያን መውጫ ላይ "ሮማዊው እንዴት ነው?" ሲላቸው "አንተ ለሰው ብለህ ቦይ ቆፍረህ ታውቃለህ?" አሉት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ሰውየው አያውቅም።

የቀሩትን ቀናት አልጽፋቸውም፤ ሱቅና ባስ ነው። የመመለሻዬ ቀን ኤርፖርት ሁለቱም ሸኙኝ። ጋሼ ሻንጣዬን ይዘው ወረፋው ላይ እንደ ምሰሶ ሲቆሙ፣ እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ።

"ያን የብሪክስተኑን ወሬ ለተፈራ አውርተሽዋል?"

"አላወራሁም።"

"ቃሉ ጠፋኝ ብዬ የነገርኩሽን?"

"አላወራሁም አልኩ እኮ፣ እትዬ።"

ወደ ጋሼ ዞር ብለው አዩ፣ እንዳይሰሙ።

"አልጠፋኝም ነበር" አሉ። "ቃሉንማ ከሰፈሩ ሳልወጣ በቃሌ ይዤው ነበር። ትንሽ ቆሜ ላየው ፈልጌ ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ያሸነፈኝ ይመስለዋል፤ እንዳትነግሪው።"

አልነገርኳቸውም። እናንተ ግን ለንደን አትሄዱም፤ ጋሼ ተፈራንም አታገኟቸውም።